የጠረግሁት አቧራ

ለንደን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ትምህርት ቤቶች ለረጅሙ ዕረፍት በሚዘጉበት ወቅት፣ በመታደስ ላይ በነበረ አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ውስጥ በጉልበት ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። አናጢዎቹ ከኮርኒሱና ከመስኮቶቹ ሥር የሚነቅሉትን ሰሌዳ በመዶሻ እየሰባበርኩ በከረጢት እሞላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ወለሉን በመጥረጊያ እጠርጋለሁ። ሰሌዳው ግራጫማ፣ ከጂፕሰም ጠንከር ያለ ነበር፤ በተሰበረበት ጠርዝ ላይም እንደ ቃጫ የተንጨባረሩ ቀጫጭን ጭረቶች ይታዩ ነበር። ለሁለት ቀን ተኩል ሰበርኩት፤ ለሁለት ምሽት ጠረግሁት። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ በመስኮት ሲገባ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ ቆሜ እንዳየሁት ሳይቀር አስታውሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ወረቀት የያዘ ሰው መጥቶ ከፎርማኑ ጋር ጥቂት ከተነጋገረ በኋላ ሁላችንም ሥራ አቁመን እንድንወጣ ታዘዝን። በሩ ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተለጠፈ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር ከጽሑፉ ውስጥ በእርግጠኝነት ያወቅሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱም አስቤስቶስ የሚለው ነው። ያወቅሁትም የአባቴ ቤት ጣሪያ ስም ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ባደግሁበት ሰፈር አስቤስቶስ የክብር ጣሪያ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ እንደ ቆርቆሮ አይንኳኳም፣ ፀሐይ ሲበረታም ቤቱን አያግለውም። ስለዚህ ጣሪያ ሰውን ምን ያደርጋል ብዬ፣ ሳልደነግጥ፣ በለበስኩት የሥራ ቱታ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ባለቤቴ ቱታውን እንደ ወትሮዋ መስኮት ከፍታ አራገፈችው፤ ከዚያም ከሌላው ልብስ ጋር አጠበችው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የሚያስገድደኝ ከራሴ ሳንባ ይልቅ ያች ያራገፈችበት ደቂቃ ናት።

አስቤስቶስ ሰው የፈጠረው ነገር አይደለም፤ ከመሬት የሚወጣ ድንጋይ ነው። ከሌላው ድንጋይ የሚለየው ሲፈረካከስ ወደ ጠጠርና አሸዋ ሳይሆን ወደ ክር መለወጡ ነው። ክሩ ሊፈተልና ሊሸመን ይችላል፤ እሳትም አያቃጥለውም። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የማይጠፋ» ማለት ነው። ርካሽ፣ ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረሱ ከተሞች በጥድፊያ ሲሠሩ ያልገባበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። የቦይለርና የሙቅ ውኃ ቧንቧ ተጠቅልሎበታል፣ የብረት ምሰሶዎች ከእሳት እንዲጠበቁ ተረጭቶባቸዋል፣ ኮርኒስና ክፍልፋይ ግድግዳ ተሠርቶበታል፣ የወለል ንጣፍ፣ የውኃ ታንከር፣ የዝናብ አሸንዳና የጋራዥ ጣሪያ ሆኗል። ብሪታኒያ በቀለማቸው ከሚጠሩት ዋና ዋና የአስቤስቶስ ዓይነቶች ሰማያዊውንና ቡናማውን በ1985፣ ነጩን ደግሞ በ1999 አገደች (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስለዚህ በዚህ አገር ከ2000 በፊት የተሠራ ማንኛውም ሕንፃ፣ አለመኖሩ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ አስቤስቶስ እንዳለበት ተቆጥሮ ሊሠራበት ይገባል።

ሆኖም ሁሉም እኩል አደገኛ አይደለም፤ ይህን መለየት ፍርሃትን በቦታው ለማስቀመጥ የግድ ያስፈልጋል። ከሲሚንቶ ጋር የተቦካው የጣሪያ ክዳን ውስጥ ክሩ ብዙውን ጊዜ ከመቶ አሥር እስከ አሥራ አምስት እጅ ያህል ሲሆን፣ ሲሚንቶው አጥብቆ ይይዘዋል። እኔ የሰበርኩት ዓይነት ሰሌዳ ግን ክሩ የበዛበትና መያዣው የላላ ነው፤ በብረት ላይ የተረጨውና በቧንቧ ላይ የተጠቀለለው ደግሞ በእጅ ሲነኩት እንኳ ይበናል። ያልተሰበረ፣ ያልተፋቀ፣ ያልተቦረቦረ አስቤስቶስ በተቀመጠበት ቢቆይ በሥሩ የሚኖረውን ሰው የሚጎዳበት ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። ሞቱ ያለው በአቧራው ነው። ስለዚህም ከነዋሪው ይልቅ የሚሰረስረው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የሚነቅለው አናጢ፣ የሚጠርገው የጉልበት ሠራተኛ ይበልጥ ይጎዳሉ።

አቧራው በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን ነገር ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ፣ እንግሊዝኛዬ ሲሻሻልና በአንድ የጤና ተቋም ውስጥ ስቀጠር ነው። ክሮቹ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠኑ በመሆናቸው ዓይን አያያቸውም፤ አይሸቱም፣ አያሳክኩም፣ አያስነጥሱም። ከተበተኑ በኋላ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያሉ። በአፍንጫ ሲገቡ እስከ ሳንባ መጨረሻ፣ አየርና ደም እስከሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃሉ። እዚያ ባዕድ ነገርን ውጠው የሚያጠፉ የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ይረባረቡባቸዋል፤ ነገር ግን ክሩ ከሕዋሱ ሊረዝም ይችላል፣ ድንጋይ በመሆኑም አይፈጭም። ሕዋሱ ሊውጠው እየታገለ ይሞታል፣ ሌላው ይተካል፣ የሰውነቱ ቁጣ ሳይበርድ ዓመታት ያልፋሉ። ሳንባው እየጠነከረና እየጠበበ ሲሄድ አስቤስቶሲስ ይባላል። ክሮቹ የሳንባ ካንሰርንም ያመጣሉ፤ በተለይ ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ላይ አደጋው ተደምሮ ብቻ አይቀርም፣ ይባዛል። ሦስተኛውና እጅግ ጨካኙ ሜሶቴሊዮማ ነው፤ ሳንባን ከውጭ በሚሸፍነው ወይም ሆድን ከውስጥ በሚለብጠው ስስ ገለፈት ላይ የሚነሣ ካንሰር ሲሆን፣ ከታወቀ በኋላ አብዛኛው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አይቆይም። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነት ካንሰር እንደሚያስከትል ይናገራል፤ በሥራ ቦታ ከሚገጥም አስቤስቶስ የተነሣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱም ይገምታል። በብሪታኒያ ብቻ ቁጥሩ በዓመት ወደ 5,000 ይጠጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጊዜው ነው። ክሩ በገባበትና በሽታው በሚታይበት መካከል ከሃያ እስከ ሃምሳ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ዛሬ የሚሞቱት ሰዎች አቧራውን የሳቡት በወጣትነታቸው ነው፤ አሠሪዎቻቸው ብዙዎቹ የሉም፣ የሠሩበትም ሕንፃ ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል። አንድ ሰው ዛሬ በልቶ ነገ ቢታመም ምግቡን ይጠይቃል፤ በሃያ አምስት ዓመቱ ጠርጎ በስድሳ ዓመቱ ትንፋሽ ሲያጥረው መጥረጊያውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

አሁን የምኖረው በምሥራቅ ለንደን ባርኪንግ በሚባለው ሰፈር ነው። ቤት ስፈልግ ስለ ሰፈሩ የማውቀው ኪራዩ ከሌላው ረከስ እንደሚልና የሐበሻ እንጀራ ቅርብ እንደሆነ ብቻ ነበር። ቆይቼ እንደተረዳሁት ግን ኬፕ የተባለው ኩባንያ ከ1913 እስከ 1968 የአስቤስቶስ ፋብሪካ ያንቀሳቅስ የነበረው እዚሁ ነው። ኩባንያው ስሙን ያገኘው ከደቡብ አፍሪካው ኬፕ ግዛት ነው፤ ሰማያዊው አስቤስቶስ ከዚያ፣ ከሰሜናዊው ኬፕ ኮረብቶች፣ ቡናማው ደግሞ ዛሬ ሊምፖፖ ከሚባለው አካባቢ፣ ፔንጌ ከተባለ የማዕድን ሥፍራ ይመጣ ነበር። ቡናማው ዓይነት አሞሳይት ይባላል፤ ስሙም «የደቡብ አፍሪካ የአስቤስቶስ ማዕድን ማውጫዎች» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ነው። እኔ በትምህርት ቤቱ የሰበርኩት ሰሌዳ በዚህ ቡናማ ዓይነት የተሠራ እንደነበር በኋላ ተነግሮኛል፤ ለዓለም ገበያ የቀረበው አሞሳይት ከሞላ ጎደል ሁሉ የወጣው ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ነው። ያንን ክር ከእኔ አስቀድሞ የነካው እጅ የአፍሪካዊ እጅ ነበር ማለት ነው።

ስለዚያ እጅ ጥቂት ልበል። በማዕድን ሥፍራዎቹ ክሩን ከድንጋዩ በመዶሻ እየቀጠቀጡ የሚለዩት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ እናቶች ጨቅላዎቻቸውን ይዘው ይሠሩ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ፔንጌን የጎበኘ ሸፐርስ የተባለ ሐኪም፣ ልጆች በትልልቅ ከረጢቶች ውስጥ ገብተው በላያቸው የሚወርደውን ክር በእግራቸው ሲረግጡና ሲያጨናንቁ፣ አለንጋ የያዘ ተቆጣጣሪም በላያቸው ቆሞ እንዳየ መስክሯል። በ1960 ዋግነር የተባለ የሳንባ መርማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር 33 የሜሶቴሊዮማ ሕመምተኞችን መዝግቦ ሲያወጣ፣ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ከአስቤስቶስ ጋር ግንኙነት ነበራቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በማዕድኑ ሠርተው የማያውቁ፣ በአካባቢው የተወለዱና ያደጉ ብቻ ነበሩ። የእነዚህ ማኅበረሰቦች ሰዎች ኬፕን በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ለመክሰስ ዓመታት ታግለው፣ በ2000 በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ጉዳዩ በእንግሊዝ ሊታይ ይገባል ሲል ፈረደላቸው። በ2003 ኩባንያው ለ7,500 ያህል ከሳሾች 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ሲካፈል ምን ያህል እንደሚደርስ አንባቢ ራሱ ያስላው።

ወደ ባርኪንግ ልመለስ፤ ባለቤቴ ቱታዬን ማራገፏን ሌላ ነገር ያደረገብኝ በዚሁ በምሥራቅ ለንደን የተሠራ ጥናት ነውና። በ1965 ሙሪየል ኒውሃውስና ሂልዳ ቶምፕሰን የተባሉ ሁለት ሴቶች በለንደን ሆስፒታል ከተመዘገቡ የሜሶቴሊዮማ ሕመምተኞች መካከል የ76ቱን የሕይወት ታሪክ አጣርተው አወጡ። ሠላሳ አንዱ ራሳቸው ከአስቤስቶስ ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዘጠኙ ግን ሠርተውበት አያውቁም፤ ከአስቤስቶስ ሠራተኛ ጋር በአንድ ቤት የኖሩ ናቸው፣ በአብዛኛው የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ የሚያጥቡ ሚስቶች። ከቀሩት 36 ውስጥ ደግሞ 11ዱ ከአንድ የአስቤስቶስ ፋብሪካ በግማሽ ማይል ርቀት ውስጥ ይኖሩ ነበር። ይህን ባነበብኩበት ምሽት ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ምን ብዬ እንደምነግራት ስላልገባኝ ወረቀቱን አጠፍኩት፤ የነገርኳት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እሷም ያለችኝ «ታዲያ ለምን አልነገሩህም?» የሚል ብቻ ነበር።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ መልሱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ነበረ። በዚህ አገር ሕግ የመኖሪያ ያልሆነ ሕንፃ ኃላፊ አስቤስቶሱ የት እንዳለ፣ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ መዝግቦ የመያዝና ሕንፃውን ለሚነካ ሠራተኛ ሁሉ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እድሳት ወይም ማፍረስ ሲታሰብም ሥራው ሳይጀመር ግድግዳውን ከፍቶ የሚያይ ልዩ ምርመራ መደረግ አለበት፤ እኔ የሰበርኩትን ዓይነት ሰሌዳ ለመንቀልም በአብዛኛው ልዩ ፈቃድ ያለው ድርጅት ያስፈልጋል። የዚያ ትምህርት ቤት መዝገብ በአንድ ቢሮ መደርደሪያ ላይ፣ የክፍሎቹ ቁጥር ሳይቀር ተጽፎበት፣ ተቀምጦ ነበር። ከመደርደሪያው እስከ መዶሻዬ ባለው መንገድ ላይ ጠፋ፤ ከሥራ ተቋራጩ ወደ ንዑስ ተቋራጩ፣ ከንዑስ ተቋራጩ ወደ ፎርማኑ፣ ከፎርማኑ ቋንቋውን ወደማንችለው ወደ እኛ ሳይደርስ ቀረ። ስለዚህ ሕጉ ጥሩ ነው ሲባል እስማማለሁ፤ ግን የመጨረሻው ሰው ጆሮ ካልደረሰ የሕጉ ጥሩነት ለሳንባ ምንም እንደማያደርግ በራሴ አይቼዋለሁ።

በግንባታ፣ በጽዳትና በቤት እድሳት ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በለንደንም ሆነ በዋሽንግተን ወይም በሌላ ከተማ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የምትሠሩ ሁሉ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ በምትኖሩበት አገር ቋንቋ አጥንታችሁ ያዙ፤ የዚህ ሕንፃ የአስቤስቶስ ምርመራ ወረቀት የት ነው? የሚጠይቅ ሠራተኛ እንደ አስቸጋሪ ሊታይ እንደሚችል አውቃለሁ፣ የቀኑ ደመወዝ እንዳይቀር የሚፈራውን ፍርሃትም ኖሬበታለሁ። ይሁን እንጂ የምትጠረጥሩት ነገር ከተሰበረ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉት፤ በቤት የአቧራ መጥረጊያ ማሽንም አትሳቡት፣ ማሽኑ ክሩን ሳይዝ መልሶ ወደ አየር ይረጨዋልና። ክፍሉን ዘግታችሁ ውጡ፤ ልብሱም ከናንተ ጋር ወደ ቤት አይግባ።

ለራሴ ደግሞ የቤተሰብ ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ክሩ ገብቶ እንደሆነና ወደፊት የሚያደርገውን የሚናገር ምርመራ እንደሌለ በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ለሁለት ቀን ተኩል መጋለጥ ለዓመታት ከመጋለጥ ጋር እንደማይተካከል፣ ዕድሌም በአብዛኛው ጤና መሆኑን ነገረኝ። ከዚያም የእኔንም የባለቤቴንም መጋለጥ በየመዝገባችን ጻፈው። ከሃያ ዓመት በኋላ ሳል ቢጀምረኝ የሚያየኝ ሐኪም ሌላ ሰው ይሆናል፤ ያ ሰው የት እንደሚፈልግ የሚያውቀው ይህች መስመር ካለች ነው።

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ የአባታችንን ቤት ጣሪያ ሊቀይር መሆኑን ነገረኝ። ሦስት የቀን ሠራተኞች ይዟል፤ ላዩ ላይ ወጥተው በመዶሻ እየሰበሩ ሊጥሉት ነው። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። አሮጌ የአስቤስቶስ ክዳን ሰው ሲረግጠው ድንገት ስለሚሰበር መጀመሪያ የተናገርኩት አቧራውን አይደለም፤ ማንም እንዳይቆምበት፣ በመሰላልና በእንጨት መወጣጫ እንዲሠሩ ነው። ከዚያ ክዳኑን በውኃ አርሰው፣ ብሎኑን ፈተው፣ ሳይሰብሩ በእጅ እያቀባበሉ እንዲያወርዱትና በወፍራም ላስቲክ እንዲጠቀልሉት ነገርኩት። ተራ የጨርቅ ጭምብል ክሩን አያስቀርም፤ ወንድሜ ጥቃቅን አቧራ የሚያጣራውን ጭምብል ለማግኘት ሦስት ቀን ተንከራተተ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሳቁ አለኝ፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን ቀደም ሲል ስንት ጣሪያ እንዳፈረሰ መቁጠር ጀመረና ዝም አለ።

ክዳኑ ወረደ፤ በግቢው ጥግ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ተደርድሮ ተቀመጠ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጎረቤታችን እትዬ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ እንደ እናት ያሳደጉን፣ ለማድቤታቸው ክዳን የሚሆን ሁለት ብቻ እንዲሰጣቸው ወንድሜን ጠየቁት። እምቢ ሲላቸው ተቀየሙ። የሚጣል ነገር ከለከለኝ ብለው ለሰው እስከ መናገር ደረሱ። ወንድሜም «አንተ ንገራቸው፤ እኔን አልሰሙኝም» አለኝና ደወልኩላቸው።

ሰላምታው ረጅም ነበር። ከዚያ ነገሩን እንደምችለው፣ ክሩን በቃጫ፣ ሳንባውን በወንፊት እየመሰልኩ አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። «እንግዲህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሥሩ ስትኖሩ ምንም አላደረጋችሁም» አሉ። ሳይነካ የተቀመጠው እንደማይጎዳ፣ ተቆርጦ ማድቤት ላይ ሲመታ ግን አቧራው እንደሚነሣ ነገርኳቸው። ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ።

«አባትህ ያን ጣሪያ ሲያስመታ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «አናጢው ግቢያችሁ ስለጠበበው እኛ ደጅ ነበር በመጋዝ የሚቆርጠው። ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወርድ ነበር። እኔ ነበርኩ ማታ ማታ የምጠርገው።»

እንደዚያ ያለ ነገር ከእርሳቸው እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ለእኔ ሐኪሜ የነገረኝን ያንኑ ነገርኳቸው፤ የጥቂት ቀን አቧራ ብዙ ጊዜ ሰውን እንደማያሳምም፣ ግን ትንፋሽ ቢያጥራቸው ወይም ሳሉ አልለቅ ቢላቸው ለሐኪሙ ይህን መናገር እንዳይረሱ። እንደሚረሱ ነገሩኝ። የልጅ ልጃቸውን ጠሩና የጤና ጣቢያውን ካርድ እንድታመጣ አዘዟት፤ ስልኩንም ሰጧት። ልጅቷ እስክሪብቶ ይዛ ስሙን እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ እኔም በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ አንድ ፊደል ሳይቀር፣ ቀስ ብዬ አስጻፍኳት።